ስካውት ምንድን ነው? ሴት ስትሆንስ?

በአገራችን ፓርኮች የዱር እንስሳት ጠባቂው «ስካውት» ነው የሚባለው። ስሙ ሲነሳ ካኪ ልብስና ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ክላሽ ነው ፊታችን ድቅን የሚለው። ሥራውም ከአዳኝ ጋር መታኮስ ይመስለናል። ተኩስ የሚኖርበት ቀን አለ። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ግን በእግር በመዞር፣ በማየትና ያዩትን በመመዝገብ ነው።

የሽቦ ወጥመድን እንውሰድ። ሕገ ወጥ አዳኙ ቀጭን ሽቦ ሸምቀቆ ያደርግና እንስሳው በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ በአንገቱ ልክ ይዘረጋዋል። ሌላውን ጫፍ ከግንድ ጋር ያስራል። መንገደኛ አያየውም። ልምድ ያላት ስካውት ግን ከሽቦው በፊት ሌላ ነገር ታያለች፤ ልጡ የተላጠ ግንድ፣ አለቦታው የታጠፈ ቅርንጫፍ፣ እንስሳው በጎን እንዳያልፍ የተከመረ እሾህ። ሸምቀቆ ደግሞ አይመርጥም። ለዲኩላ የተጠመደው ነብርም ይይዛል። ወጥመዱን ነቅሎ መሄድ ጥይት ሳይተኮስ እንስሳ ማትረፍ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ብላክ ማምባ» የሚባሉት ሴቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቡድኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ከክሩገር ፓርክ አጠገብ በባሉሌ ጥብቅ ሥፍራ ተቋቋመ። ጠመንጃ አይዙም። አጥሩን ተከትለው ይዞራሉ፣ ወጥመድ ይለቅማሉ፣ አጠራጣሪ ነገር ካዩ ለታጠቀው ኃይል በሬዲዮ ይናገራሉ። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አግኝተዋል። በ2017 ዚምባብዌ ውስጥ የተጀመረው «አካሺንጋ» መንገዱ ሌላ ነው። እነዚህ ይታጠቃሉ። ሲመለመሉ ባል የሞተባቸው፣ ከጥቃት ያመለጡና ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። ኬንያም አምቦሴሊ አካባቢ ከ2019 ጀምሮ የማሳይ ሴቶች ቡድን አለ።

ይህ ነገር ሰሜን ሸዋ ላይ ምን ትርጉም ይኖረዋል? መንዝ ጓሳን ልብ በሉ። ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። ጅባራው፣ አስታው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው እዚያ ነው። እዚህ የዝሆን ጥርስ የሚፈልግ አዳኝ የለም። ቀይ ቀበሮን ሥጋው ተፈልጎ የሚገድለውም የለም። በዓለም ላይ አዋቂው 500 የማይሞላውን ይህን እንስሳ የሚፈጀው በአብዛኛው ከመንደር ውሻ የሚጋባበት በሽታ፣ እንዲሁም የመኖሪያው መጥበብ ነው። እርሻና ግጦሽ እየገፋ ይመጣል። ሣሩ ያለ ጊዜው ይታጨዳል፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይቆረጣል፤ ቀበሮው የሚበላው አይጥ መደበቂያ ያጣል።

መንዞች ጥበቃን ከማንም አልተማሩም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው (በቅርብ ዓመታት ከሰማነው ቄሮ ጋር አይምታታ)። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛ ለሚደርበው ገሳ ይፈለጋል። እንዳያልቅ ታዲያ ሥፍራው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲከፈትም በበጋ ነበር። ሥርዓቱን የሚመራው በምርጫ የተሾመ አባ ቄራ ነበር፤ አቅም ያለውን ወንድ በየተራ ለጥበቃ ያሰማራል። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት ክዳኑ ይቃጠል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ቄሮ ፈረሰ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ሣሩም ጥበቃውም በአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ ይመራል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ተራ ጥበቃ የወንድ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ደጋው ላይ ማገዶ የሚለቅመው፣ ኩበት የሚጠፈጥፈው፣ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? የትኛው ቁጥቋጦ ትናንት እንደተቆረጠ፣ የትኛው ሣር በማጭድ እንደተነካና የትኛውን ከብት እንደጋጠው ሴቶቹ ያውቁታል። ማጭድ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ከብት ግን ነጭቶ ይተወዋል። ለስካውት ሥልጠና ሲባል የሚሰጠው እኮ ግማሹ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ጓሳ ላይ እርጥብ እንጨት ይዛ የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ወና ሜዳ ላይ የታጠቀ ወንድ ሲያስቆማት ትደነግጣለች፣ ትሮጣለች፣ ማታ ነገሩ ወደ ባልና ወንድም ጠብ ይዞራል። የምታስቆማት ሴት ብትሆን «እትዬ፣ ደረቁን ይልቀሙ እንጂ እርጥቡን አይንኩ» ብላ ልታስቀረው ትችላለች። ቤት ገብታም ውሻው ለምን መከተብ እንዳለበት ቡና እየጠጣች ታስረዳለች። ከዚህ የበለጠ ቀይ ቀበሮን የሚጠብቅ ሥራ አይታየኝም።

ደመወዙም አለ። በደጋው ገብስና በግ ላይ በተንጠለጠለ ቤት ውስጥ የወር ገቢ ቀልድ አይደለም። ጥብቅ ሥፍራውን «የመንግሥት» እያሉ ይጠሩት የነበሩ ሰዎች ልጃቸው ከዚያ ደመወዝ ስታመጣ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ሥራው ይከብዳታል የሚሉ አሉ። የጓሳ ውርጭ ለወንዱም አይመችም፤ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ላይ ባና ደርቦም ይንቀጠቀጣል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የጥበቃ ቤቱ ለሴት የተለየ ማደሪያና ሽንት ቤት አለው? ቦት ጫማው በእግሯ ልክ ነው? ስታረግዝ የቀን ሥራ ይሰጣታል? የሌሊት ዙር ስትወጣ ጓደኛ ይመደብላታል? እነዚህ ካልተሟሉ ማስታወቂያው ላይ «ሴቶች ይበረታታሉ» ብሎ መጻፉ ወሬ ነው።