«እኔን ማን ይሰልለኛል?» እና ሌሎች ስለ ስልክ ስለላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ መርካቶ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ጋ ትንሽ ቁጭ ካላችሁ ስለ ስልክ ጠለፋ የማትሰሙት ነገር የለም። ግማሹ ግን ወሬ ነው።

«የሚሰለለው ፖለቲከኛና ጋዜጠኛ ነው።» ውድ ውዱ የስለላ ሶፍትዌር አዎ። በ2014 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ ውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የጣሊያኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር እንደተሞከረ ይፋ አድርጓል። ርካሹን ግን ቅናተኛ ባልም፣ የተጣላ ሸሪክም ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። የሚያስፈልገው ስልክሽን ለጥቂት ደቂቃ መያዝና መክፈቻ ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ነው። የቡና ነጋዴ ስልክ ደግሞ ዋጋውም፣ ድርድሩም፣ የባንክ መልእክቱም እዚያው ነው፤ እና «የሚሰረቅ ነገር የለኝም» ብሎ ነገር የለም።

«ሊንክ ካልነካሁ አልያዝም።» በ2019 እ.ኤ.አ. ፔጋሰስ የሚባለው የእስራኤሉ ኩባንያ የኤንኤስኦ ግሩፕ የስለላ ሶፍትዌር በዋትሳፕ ጥሪ በኩል ወደ 1,400 ስልኮች ላይ ተልኳል፣ ጥሪውን ማንሳት እንኳ አያስፈልግም ነበር። እሱ ግን ለመንግሥታት የሚሸጥ ነው፣ እኛን እንቅልፍ አይንሳን። እኛ ጋ የሚመጣው በቴሌግራም የሚዞር «ነፃ ፕሪሚየም» የሚል የኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ስቶር ውጭ አፕ የሚጫንበት ፋይል) ነው። ስትጭኑት «አክሰሲቢሊቲ» ፍቀዱልኝ ይላል። ከፈቀዳችሁ ስክሪናችሁን ያነባል፣ በእናንተ ፈንታ ይነካካል፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድም አያመልጠውም።

«ዋትሳፕ የተመሰጠረ ነው፣ ማንም አያነበውም።» ምስጠራው የሚጠብቀው መልእክቱ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ሰላዩ ስልካችሁ ውስጥ ከገባ እናንተ የምታዩትን ያያል።

«*#21# ሲደወል መጠለፍ አለመጠለፉን ያሳያል።» ይቺ ነገር መቼም አትሞትም! የሚያሳየው ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር መዞር አለመዞሩን ነው፣ በቃ። ባትሪ ቶሎ ማለቁም ብዙ ጊዜ ባትሪው ስላረጀ ነው። ከዚያ ይልቅ ሴቲንግ ገብታችሁ አክሰሲቢሊቲና «ዲቫይስ አድሚን» (ስልኩን የማስተዳደር ፈቃድ) የተፈቀደላቸውን አፖች እዩ። ጎጂ አፖችን የሚፈትሸው የጉግል ፕሌይ ፕሮቴክት ጠፍቶ ካገኛችሁት ደግሞ ማን አጠፋው በሉ።

«ሪሴት ካደረግሁ አለቀ።» ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ግን ሰውየው የጉግል ፓስወርድሽን ካወቀ ስልክሽን ሳይነካም ፎቶሽንና ያለሽበትን ቦታ ማየት ይችላል፣ ስለዚህ ፓስወርዱን ከሌላ ስልክ ቀይሪው። አፑ ሲጠፋ የጫነው ሰው ማወቁ አይቀርም። እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነ አፑን ከመንካትሽ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ለምታምኝው ዘመድ ንገሪ።