የትምህርት ቤት ትሪያጅ ምንድን ነው?

አሜሪካ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ስልክ ያውቀዋል። «የትምህርት ቤቱ ነርስ ነኝ፤ ልጅዎ ሆዴን አመመኝ እያለ ነው።» ልብ ቀጥ ይላል። ነርሷ (በእኛ አጠራር ሲስተር) ግን ከመደወሏ በፊት ትሪያጅ የሚባለውን ሥራ ጨርሳለች። ማን አሁኑኑ ይታይ፣ ማን ትንሽ ይረፍ፣ ማን ወደ ክፍሉ ይመለስ የሚለውን መለየት ማለት ነው።

የሚጀምረው በዓይን ነው፤ ልጁ ገና በበር ሲገባ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። ኦቾሎኒ በልቶ ከንፈሩ ያበጠና ድምፁ የሻከረም እንደዚያው፤ የአለርጂ መርፌው ይወጋል፣ 911 ይደወላል።

ሆድ ቁርጠት ግን ጊዜ ይፈልጋል። መቼ ጀመረህ? ቁርስ በልተሃል? በአንድ ጣት አሳየኝ። ሕመሙ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጎኑ ከወረደና «እስቲ ዝለል» ሲባል እምቢ ካለ ትርፍ አንጀት ይጠረጠራል።

ሌላም ሆድ ቁርጠት አለ። ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሁልጊዜ ከሒሳብ በፊት። ነርሷ እያንዳንዱን ጉብኝት የምትመዘግበው አንድም ለዚህ ነው። ልጁ አልዋሸም፤ ሆዱ በእውነት ይቆርጠዋል። «ሆድ ባሰኝ» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ብዙም አይገርምም። ያኔ ጥያቄው ይቀየራል፤ ክፍል ውስጥ ማን አስቸገረህ?

የትምህርት ቤት ነርስነት አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በ1902 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ነው። ቅማል፣ ቆረቆር ወይም ትራኮማ የተገኘባቸው ልጆች ከትምህርት ይባረሩ ነበር፤ የሚያክማቸው ግን አልነበረም። ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ተመደበች። እዚያው አጠበች፣ ቀባች፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ እናቶችን አስተማረች። ልጆቹም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

«ታዲያ አንድ ክኒን መስጠት ምን ያቅታታል?» የሚል ሐበሻ ብዙ ነው። አቅቷት አይደለም። በብዙ ቦታ የወላጅ ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም የሐኪም ትእዛዝ ከሌለ ፓራሲታሞል እንኳ መስጠት አትችልም። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ (በእነሱ 100.4) ከደረሰ ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ ወደ ቤት ይላካል። ስለዚህ በትምህርት መክፈቻ የሚመጣውን ፎርም ቦርሳ ውስጥ አትርሱት፤ የቀየራችሁትን ስልክ ቁጥርም ጻፉበት።