የጥንት የኤሌክትሪክ ሕክምና ሣጥን፦ አሠራሩና እድሳቱ በድሬዳዋ

የኤሌክትሪክ ሕክምና ሣጥን ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት ይመረት የነበረ፣ በሁለት የነሐስ እጀታዎች አማካይነት ኮረንቲ ወደ ሰውነት እያስገባ ሕመም ያስታግሳል፣ የሰለለ ጡንቻ ያነቃል ተብሎ ይሸጥ የነበረ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በድሬዳዋ ከአሮጌ የቤት ዕቃ መካከል እንዲህ ያለ ሣጥን ቢወጣ የሚያስገርም አይሆንም። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣውን ሐዲድ ተከትላ የተቆረቆረች ናት፤ በከተማዋ ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ የሰፈሩት ፈረንሳውያን፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ህንዶችና የመኖችም ከባሕር ማዶ የሚያስመጡት ዕቃ የሚደርሳቸው በዚሁ ባቡር ነበር።

የመሣሪያው ሐሳብ የተወለደው ከቤተ ሙከራ ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ላይ ያደረገውን ሙከራ በ1791 አሳተመ፤ የአገሩ ልጅ አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ አስተዋወቀ፤ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ደግሞ በ1831 የሚለዋወጥ ማግኔት በአጠገቡ ባለ ሽቦ ላይ ኮረንቲ እንደሚያስነሳ አሳየ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደ ቡሎኝ በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ኮረንቲውን በተመረጠ ጡንቻ ላይ ብቻ ማሳረፍ እንደሚቻል ካስረዳ በኋላ ዘዴው በሐኪሞች ዘንድ ተስፋፋ። ነጋዴዎች ግን ከሐኪሞቹ ቀድመው ሄዱ። ሣጥኑ ለቁርጥማት፣ ለራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለጥርስ ሕመም ሁሉ ይበጃል እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከዚህ ዝርዝር አብዛኛው ማስረጃ የሌለው እንደሆነ ሳይሸሹ መናገር ተገቢ ነው።

በከዚራ በአንድ ቤት የተቀመጠ ሣጥን ለምሳሌ ይበቃል። ክዳኑ ሲነሳ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበት ባዶ ክፍል፣ በመካከል በአረንጓዴ ሐር የተለበጠ ጥቅልል፣ ከጥቅልሉ ጫፍ ብቅ ያለ የነሐስ ቱቦ፣ ከፊቱ ደግሞ ጥፍር የምታክል ብረት የተሸከመች ቀጭን ላሜራና እሷን የምትነካ ብሎን ይታያሉ። ከጥቅልሉ እምብርት እንደ ችቦ የታሰሩ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች አሉ። በእነሱ ዙሪያ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጥቂት ድርብ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ፀጉር መሰል ሽቦ እጅግ ብዙ ዙር ተጠምጥሟል። 1.5 ቮልት የሚሰጠው ድንጋይ በወፍራሙ ሽቦ ኮረንቲ ሲልክ ብረቱ ማግኔት ይሆንና ላሜራዋን ይስባል፤ ላሜራዋ ከብሎኗ ስትላቀቅ መስመሩ ይቋረጣል፣ ማግኔቱ ይጠፋል፣ ላሜራዋም ተመልሳ ብሎኗን ትነካለች። ይህ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚፈራረቅ ሣጥኑ ጥዝዝ ይላል፤ የድሮ የበር ደወልም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ዋናው ቅጽበት መስመሩ የሚቋረጥበት ነው። ማግኔቱ በድንገት ሲጠፋ በቀጭኑ ጥምጥም ላይ ከድንጋዩ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ግን ወዲያው የሚያልፍ ቮልቴጅ ይነሣል፤ እጀታዎቹን የጨበጠ ሰው የሚነዝረው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የነሐስ ቱቦው ነው። ከየትኛውም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ ባዶ ቧንቧ ሆኖ ሳለ የመሣሪያውን ኃይል የሚወስነው እሱ ነው፤ ሲገባ ንዝረቱ ይለዝባል፣ ሲሳብ ይበረታል። ምክንያቱም የማግኔቱ መለዋወጥ በቱቦው ግድግዳ ላይ የራሱን ኮረንቲ ስለሚያስነሳና ይህ ኮረንቲ ለውጡን ስለሚቃወም፣ ወደ ላይኛው ጥምጥም የሚደርሰው ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል። እምብርቱ ወጥ ዘንግ ሳይሆን የሽቦ እስር የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ወጥ ብረት ቢሆን ኖሮ ቱቦው የሚያደርገውን እሱ ራሱ ያደርግና ኃይሉን ይበላው ነበር።

ነርቭ የሚቀሰቀሰው በኮረንቲው ብዛት ብቻ ሳይሆን በለውጡ ፍጥነትም ነው። ከባትሪ ያለማቋረጥ የሚፈስ ኮረንቲ ጡንቻን የሚያኮማትረው በተለይ ሲገባና ሲቋረጥ ሲሆን፣ የሣጥኑ አጫጭር ምቶች ግን እየተከታተሉ ስለሚመጡ ጡንቻው ተወጥሮ ይቆያል። ነርቩ የሞተበት ጡንቻ ለእነዚህ አጫጭር ምቶች ምላሽ አይሰጥም፤ ረዘም ላለው የባትሪ ኮረንቲ ግን ቀስ ብሎ ይኮማተራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ኤርብና ሌሎች ይህን ልዩነት በመጠቀም ሽባነቱ ከነርቭ መጎዳት የመጣ መሆን አለመሆኑን ይለዩበት ነበር። በዚህ ጸሐፊ እምነት መሣሪያው ለሕክምና የዋለው ትልቁ ውለታ ይህ ምርመራ እንጂ በማስታወቂያ የተነገረለት ፈውስ አይደለም። ሕመም በማስታገስ ረገድ ግን ሐሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ያቀረቡት የሕመም ንድፈ ሐሳብ፣ በቆዳ በኩል የሚሰጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሕመምን መልእክት በአከርካሪ ውስጥ ሊያደበዝዝ የሚችልበትን መንገድ ያስረዳል። ዛሬ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች የሚታዩት አነስተኛ መሣሪያዎች የዚህ ሐሳብ ውጤቶች ናቸው።

ሌላው ዓይነት ሣጥን ደግሞ ባትሪ የለውም። በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተሠራ ማግኔት ፊት ሁለት ጥምጥሞች በእጅ ማዞሪያ ይሽከረከራሉ፤ ኃይሉም በአዟዟሩ ፍጥነት ይወሰናል። ይህ አሠራር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋውና ሥራው በ1894 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የስልክ መስመር ባገለገለበት ዘመን፣ ደወል ለመጥራት እጀታቸው የሚዞር ስልኮች በውስጣቸው ተመሳሳይ ማግኔትና ጥምጥም ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሣጥን ሲፈታ በማግኔቱ ሁለት ጫፎች ላይ ብረት ሳያጋድሙ ጥምጥሙን ማውጣት ማግኔቱን ሊያደክመው ይችላል።

ለእድሳት ድሬዳዋ የሚያስቀና ባለሙያ አላት። የባቡር ድርጅቱ ዎርክሾፕ ለረጅም ዘመን የቶርኖና የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል፤ ዲናሞ ጠምጣሚዎችም ፀጉር መሰል ሽቦ ሳይበጥሱ መያዝ ይችሉበታል። ችግሩ የእጅ ማነስ ሳይሆን የመቸኮል ነው፦ ዕቃው እጅ እንደገባ ድንጋይ አስገብቶ መሞከር፣ ነሐሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማብረቅረቅ።

የመጀመሪያው ሥራ ከሁሉም ማዕዘን ፎቶ ማንሳት፣ ቀጥሎ በቴስተር መለካት ነው። ወፍራሙ ጥምጥም ከጥቂት ኦም (ሽቦው ኮረንቲን የሚቋቋምበት መለኪያ) የማይበልጥ፣ ቀጭኑ ደግሞ በመቶዎች ወይም ከዚያ በላይ የሚቆጠር ኦም ሊያሳይ ይገባል። ቴስተሩ መስመር የለም ካለ ሽቦው የተበጠሰው ብዙ ጊዜ ከጥቅልሉ ወደ ውጭ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አረንጓዴ ዝገት ያለበትን ቦታ ፈልጎ በስታኞ ማያያዝ ሊበቃ ይችላል። እንደገና መጠምጠም የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የፋብሪካውን ጥምጥም ስለሚያጠፋ፣ የወጣው ሽቦ ከነሐሩ ከሣጥኑ ጋር መቀመጥ አለበት። የላሜራዋና የብሎኗ መነካኪያ ብዙ ጊዜ ፕላቲኒየም ስለሆነ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው አስገብቶ ከመሳብ ያለፈ አያስፈልገውም። እንጨቱ በአልኮል አይጠረግም፤ የድሮው ቀለም ሼላክ ከሆነ አልኮል አሟሙቶ ይወስደዋል። በአሮጌዎቹ የባትሪ ክፍሎች ውስጥ የሚገኝ ብርቱካናማ ቅሪት የክሮሚየም ጨው፣ ዚንኩ ላይ ያለውም ሜርኩሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም መርዝ መሆናቸውን አውቆ ጓንት ማድረግ የግድ ነው።

ከ1910ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው፣ ውስጡ አየር የተቀነሰበት የመስታወት ቱቦ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥበት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው መሣሪያ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ሲሆን የአሜሪካዎቹ ለ110 ቮልት ገደማ የተሠሩ ስለሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰኩ ይቃጠላሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰርም ከዕድሜ ብዛት የደከመ ስለሚሆን በትራንስፎርመር ቢሰካም መተማመኛ የለም። እነዚህን አስነስቶ ከማየት አጽድቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

የታደሰ ሣጥን በሰው ላይ አይሞከርም። በተለይ የልብ ሕመምተኛ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር እጀታዎቹን ሊነካ አይገባም፤ ሥራውን ለማሳየት ኒዮን አምፖል በእጀታዎቹ መካከል ማገናኘት ይበቃል። እንደ ሐረሩ የሸሪፍ ሙዚየም ባለ ስብስብ ውስጥ ለእይታ የሚቀመጥ ከሆነ ድንጋዩ ይወጣል፣ ብሎኗ ከላሜራዋ ትላቀቃለች፣ የነሐስ ቱቦውም እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይገፋል። የተቀየረውን ክፍል፣ የተቀየረበትን ምክንያትና የባለቤቱን ታሪክ የያዘ ወረቀትም በክዳኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙጫ ግን አይነካውም።