ደኒዬ ምንድን ነው?

«ብር» በእኛ ቋንቋ ማዕድኑም ነው፣ ገንዘቡም። ከ1,200 ዓመት በፊት በፍራንኮች አገር የነበረውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከደኒዬና ከግማሿ በቀር ሌላ ሳንቲም አልነበረም ማለት ይቻላል። ደኒዬ ደግሞ ስስ የብር ሳንቲም ናት። ፍራንኮች የዛሬዋን ፈረንሳይና የጀርመንን ምዕራብ ይገዙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። «ፈረንጅ» የምንለውም ከእነሱ ስም ነው፤ በዐረብኛ በኩል ዞሮ መጥቶ።

ስሟ የመጣው ከሮማውያን ዴናሪየስ ነው፤ በወንጌል «ዲናር» ብለን የምናነበው። ፍራንኮች ቀድሞ ትናንሽ የወርቅ ሳንቲሞች ነበሯቸው። ወርቁ እየጠፋ፣ ሳንቲሙም በብር እየተበረዘ ሄደና ከ670ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ብሩ ቦታውን ያዘ።

ብሩ ከየት ይመጣል? ትልቁ ምንጭ በምዕራብ ፈረንሳይ ያለው ሜል ነበር። እዚያ ብሩ ለብቻው አይገኝም፤ እርሳስ በሚባለው ማዕድን ውስጥ ተደብቆ ነው። ቆፋሪዎቹ አለቱ ላይ እሳት ያነዱበታል። በሙቀቱ ሲሰነጣጠቅ ይፈለፍሉታል። የቀለጠውን እርሳስ አመድ በተለሰነ ምድጃ ውስጥ አድርገው በወናፍ ያናፉበታል። እርሳሱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ወደ አመዱ ይሰርጋል፤ ብሩ ግን ንቅንቅ አይልም። መሃል ላይ እያበራ ይቀራል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የቀረው የመዶሻ ሥራ ነው። ብሩ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፣ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ሁለት የብረት ቅርጾች አሉ፤ ጽሑፋቸው የተገለበጠ ነው። አንዱ ግንድ ላይ ይተከላል፣ ሌላው በእጅ ይያዛል። ክቧን ብር መሃል አድርጎ ከላይ መምታት ነው። እጅ ሲስት ምስሉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ።

ነገሥታቱን ያስጨነቃቸው ግን ክብደቱ ነው። በ755 አካባቢ ንጉሥ ፔፒን ከአንድ ፓውንድ (ያኔ የክብደት መለኪያ) ብር ከ264 ደኒዬ በላይ እንዳይመታ አዘዘ። ከዚያ ውስጥ 12ቱ የመቺው ድርሻ ናቸው፤ ቀሪው ብሩን ላመጣው ሰው ይመለሳል። ልጁ ሻርለማኝ በ793 ገደማ ሳንቲሟን ከ1.3 ግራም ወደ 1.7 ግራም አካባቢ አከበዳት። በ794 የፍራንክፈርት ጉባኤም አዲሷን ደኒዬ ማንም አልቀበልም እንዳይል ተደነገገ። የዳቦ ዋጋም ወጣላት፦ በአንድ ደኒዬ ባለ ሁለት ፓውንድ የስንዴ ዳቦ 12፣ የአጃ ከሆነ 25።

አቆጣጠሩ 12 ደኒዬ አንድ ሶሊደስ፣ 20 ሶሊደስ አንድ ፓውንድ ነው። ፓውንድ የሚባል ሳንቲም ግን በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም፤ 240 ደኒዬ ቆጥሮ ነው «ፓውንድ» የሚለው። እንግሊዞች በዚሁ ስሌት እስከ 1971 ድረስ ቆዩ። ፔኒያቸውንም ሲያሳጥሩ «ፒ» ሳይሆን «ዲ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ የዴናሪየስ «ዲ»።