«እናቴ ወደቅኩ አለች»፦ ስለ እንግሊዝኛ ኢንዳይሬክት ስፒች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አገሩ የሰው አገር ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ እኔ። ነርሷ ምን እንደገጠማት ጠየቀች። እናቴ «ትናንት ደረጃ ላይ ወደቅኩ» አለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ማይ ማዘር ሴድ አይ ፌል የስተርዴይ» አልኩ። ነርሷ ዓይኗን ከእናቴ ላይ አነሳችና እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የቱ ጋ እንደሚያመኝም ጠየቀችኝ። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ነርሷ የእኔን ጉልበት ትፈልጋለች።

የሚገርመው በተማሪነቴ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ስፒች ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ዳይሬክት የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ነው፤ ኢንዳይሬክት ደግሞ በራስ ዓረፍተ ነገር አዙሮ ማውራት። ሲዞር የሚለወጡትን ቃላት ሰንጠረዥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። ኢዝ ዎዝ ይሆናል፣ ዊል ዉድ ይሆናል፣ ቱዴይ ዛት ዴይ ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሰንጠረዡ ያልነገረኝን መቁጠር የጀመርኩት። አሁን የዘመድ ልጆች ሳስጠና ያው ስህተት በየደብተራቸው ይጠብቀኛል። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ይመጣላችኋል።

«ሰውየው ያለውን እንዳለ ማድረስ ነው»

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። የሚመጣውም ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛችን ነው። «ዮናስ እመጣለሁ አለ» ስል የሚመጣው ማን ነው? ዮናስ። «እመጣለሁ» የሚለው ቃል ግን ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ማንም አይደናገርም። አማርኛ የባለቤቱን «እኔ» ሳይነካ ያሻግረዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም። «ዮናስ ሴድ አይ ዉድ ካም» ካልኩ መጪው እኔ ነኝ፤ ዮናስ ስለ እኔ ነው ያወራው። በእንግሊዝኛ ኢንዳይሬክት ስፒች ውስጥ «አይ» ማለት ዓረፍተ ነገሩን አሁን የሚናገረው ሰው ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የአማርኛ ጠባይ ሊቃውንትን አከራክሯል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጽሑፉ የ«እኔ»ን ትርጉም ከተናጋሪው ወደ ሌላ ሰው የሚያዞር ነገር ካለ «ጭራቅ» ነው አለ። እንግሊዝኛ ውስጥ የለም፣ ልጨምር ቢባልም አይቻልም ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ጭራቁ አለ ብሎ መለሰለት። ከማስረጃዎቹ አንዱ አማርኛ ነበር፤ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የምትል ተራ ዓረፍተ ነገር። እኛ ቡና ላይ ስናወራ በየደቂቃው የምንለው ነገር እዚያ ጭራቅ ተብሎ ይጠናል።

መፍትሔው ያን ያህል አያስፈራም። ወደ እንግሊዝኛ ከመዝለላችሁ በፊት አማርኛውን በ«እንደ» መልሱት። «ወደቅኩ አለች» የሚለውን «እንደወደቀች ነገረችኝ» በሉት። «እኔ» ወዲያው «እሷ» ትሆናለች። እንግሊዝኛውም ይከተላል፦ «ሺ ሴድ ሺ ፌል»።

ሙያተኛ አስተርጓሚዎች ግን በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። አሜሪካ ፍርድ ቤት ምስክሯ «ወደቅኩ» ካለች አስተርጓሚው «አይ ፌል» ይላል። «ሺ ሴድ» አይጨምርበትም። በእሱ አፍ የምትናገረው ራሷ ምስክሯ እንደሆነች ነው የሚቆጠረው። የእኔ ጥፋት ሁለቱን መንገድ መቀላቀሌ ነው፤ አንድ እግሬ ዳይሬክት ላይ፣ አንድ እግሬ ኢንዳይሬክት ላይ።

«ቴንሱ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል»

ቴንስ ማለት የግሡ ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። መጀመሪያ መታየት ያለበት «ይላል» ነው ወይስ «አለ» የሚለው ነው። «ሂ ሴይዝ» ካልን የሚመለስ ነገር የለም፦ «ሂ ሴይዝ ሂ ኢዝ ታየርድ»። ወደ ኋላ መመለሱ የሚመጣው «ሴድ» ወይም «ቶልድ» ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን ነገሩ ዛሬም እውነት ከሆነ ግዴታ አይሆንም።

የሳይንስ አስተማሪ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል አለ እንበል። «ሂ ሴድ ዋተር ቦይልዝ» ማለትም፣ «ሂ ሴድ ዋተር ቦይልድ» ማለትም ልክ ነው። ልዩነቱ ስስ ነው። በፕረዘንት ከተውኩት እኔም አብሬ አምኜበታለሁ። ፓስት ካደረግኩት ነገሩን ለእሱ ትቼ ዞር ማለት ይመቸኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እና ጀበና ጥጄ ስለ እኚህ አስተማሪ ካወራሁ «ቦይልድ»ን እመርጣለሁ።

ይህ የቴንስ ጉዳይ ለምን እንደሚያስቸግረን ላሳያችሁ። ዮናስ አምና «እመጣለሁ» አለ፣ ሳይመጣም ቀረ። በአማርኛ ዛሬም «እንደሚመጣ ነገረኝ» ነው የምለው። «የሚመጣ» የዮናስን ሰዓት እንደያዘ ይቆያል። እንግሊዝኛ ሰዓቱን ከእኔ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ስለዚህ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይዞራል። የ«እንደ» ዘዴ ተውላጠ ስሙን ያስተካክልላችኋል፣ ቴንሱን ግን አያስተካክልም። እሱን ራሳችሁ ልትጠብቁት ነው።

ሌላው ደግሞ «ፓስት የነበረው የግድ ፓስት ፐርፌክት (ሃድ የሚገባበት) ይሁን» የሚለው ነው። «ሂ ሴድ ሂ ዎዝ ቦርን ኢን ጎንደር» በቂ ነው። ሰው ከመናገሩ በፊት መወለዱን ማንም ያውቃል። ፓስት ፐርፌክት የሚያስፈልገው ሰዓቱ ሲምታታ ነው። «ሺ ሴድ ሺ ዎዝ ሲክ» ሲባል ሰሚው የሚገባው ስትናገር ታማ እንደነበረ ነው። ከዚያ በፊት ታማ ድና ከሆነ «ሺ ሃድ ቢን ሲክ» ይሻላል። ሐኪም ፊት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ኩድ፣ ማይት፣ ሹድ እና ዉድ ባሉበት ይቀራሉ። መስት ደግሞ «ሃድ ቱ» ካልሆነ ብለው ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሱ አሉ፤ «ሃድ ቱ» ቢሆንም እንዳለ ቢቀርም ያስኬዳል።

«ሴድ ሚ»

«አለኝ» ውስጥ «ኝ» አለች። ስለዚህ እጃችን ሳናዝዘው «ሂ ሴድ ሚ» ይጽፋል። ሴድ ሰው አያስከትልም፤ ቶልድ ደግሞ ያለ ሰው አይሄድም። «ሂ ሴድ» ወይም «ሂ ቶልድ ሚ»። ሰው የግድ ካስፈለገ «ሴድ ቱ ሚ» ይባላል። «አለ» ከሆነ ሴድ፣ «ነገረኝ» ከሆነ ቶልድ ብላችሁ ያዙት። እውነትና ተረት ሲነገሩ ግን ቶልድ ያለ ሰውም ይሄዳል፦ «ሂ ቶልድ ዘ ትሩዝ»።

«ቱሞሮው ምንጊዜም ዘ ኔክስት ዴይ ይሆናል»

እህቴ ሰኞ ጠዋት ደውላ «ነገ እመጣለሁ» አለችኝ። ያኑ ሰኞ ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ነገ አሁንም ነገ ነው፦ «ሺ ሴድ ሺድ ካም ቱሞሮው»። ማክሰኞ ጠዋት ዘግይታ እየጠበቅናት ከሆነ «ሺ ሴድ ሺድ ካም ቱዴይ»። ረቡዕ ላይ ተናድጄ ሳወራ «የስተርዴይ»። ከወር በኋላ ታሪኩን ሳነሳው ነው «ዘ ኔክስት ዴይ» የሚመጣው። አንድ የስልክ ጥሪ፣ አራት መልስ። ሰንጠረዡ የሚያውቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ሂር» ላይም እንዲሁ ነው፤ እዚያው ቦታ ቆሜ የማወራ ከሆነ «ዜር» የምልበት ምክንያት የለም።

ፈተና ላይ ከሆናችሁ ግን ከሰንጠረዡ ጋር አትጣሉ። የምርጫ ጥያቄ መቼ እንደተወራ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው የሰንጠረዡን መልስ ነው። ነጥቡን ውሰዱና ውጭ ወጥታችሁ እንደ ሰው አውሩ።

«ጥያቄ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው»

«የት ነበርክ?» ተባልኩ። ብዙዎቻችን «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዎዝ አይ» እንላለን። ወደ ኢንዳይሬክት ሲገባ ግን ጥያቄነቱ አብቅቷል። እኔ አሁን እየጠየቅኩ ሳይሆን እያወራሁ ነው። ስለዚህ ቃላቱ ወደ ተራ አሰላለፋቸው ይመለሳሉ፦ «ዌር አይ ዎዝ»። ዱ እና ዲድም ይወጣሉ፤ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ» የነበረው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል። የጥያቄ ምልክቱም ይቀራል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ሲሆን «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል። ዛት እዚህ ቦታ የላትም።

ዛት ካነሳን አይቀር፣ «ሁልጊዜ መጻፍ አለባት» የሚለውም ልክ አይደለም። ከሴድና ከቶልድ በኋላ ብትቀር ማንም አይከፋም።

«ሁሉም ነገር በሴድ ይተላለፋል»

ሰው ሲናገር ያዛል፣ ይለምናል፣ ቃል ይገባል፣ ያስጠነቅቃል። «እባክህ እርዳኝ» ያለውን ሰው «ሂ ሴድ ፕሊዝ ኸልፕ ሚ» ብለን ካወራን እርዳታ ፈላጊው ማን እንደሆነ እንደገና ይምታታል። «ሂ አስክድ ሚ ቱ ኸልፕ ሂም» በሉት። ፕሊዝም አያስፈልግም፤ ልመናው «አስክድ» ውስጥ ገብቷል። ክልከላ ሲሆን «ዶንት» ይጠፋና «ኖት ቱ» ይተካዋል። «እንሂድ» ላለ ሰው ደግሞ «ሂ ሰጀስትድ ጎይንግ» ነው። «ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» የሚለውን ከጎበዝ ተማሪም እሰማዋለሁ፤ ሰጀስት እንደ ቶልድ ሰው አስከትሎ በ«ቱ» አይሄድም።

የ«ኖት ቱ» ምሳሌዬን ያገኘሁት ያው ሐኪም ቤት ነው። ለሁለተኛ ቀጠሮ ስንሄድ በሩ ላይ እናቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «መድኃኒቱን እንዳቆምኩ እንዳትነግራት» አለችኝ። ገባን። ነርሷ መድኃኒቱ እንዴት እንደሆነላት ጠየቀች። በሆዴ «እኔ» የሚለውን «እሷ» አደረግኩ፣ ቴንሱን መለስኩ፣ ዶንቱን አወጣሁ። «ሺ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ቴል ዩ ሺድ ስቶፕት ቴኪንግ ኢት።» አንድም ስህተት የለበትም። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በዚህኛው ቀን ወደ ትክክለኛዋ ሰው ዞረች።

እናቴ አየችኝ። «ምን አልካት?»

«ያልሽውን።»