የቁስጥንጥንያው ታላቁ ቤተ መንግሥት፦ የሚባለውና እውነታው

ስለ ቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ነገሥታትና በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ስለነበረው ቤተ መንግሥታቸው ሲወራ ወርቅ አይጠፋም። ተረትም አይጠፋም። እስኪ እንለያቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ግዙፍ ሕንፃ ነበር»

አልነበረም። ከፈረስ እሽቅድምድም ሜዳው አጠገብ ተነስቶ ቁልቁል እስከ ማርማራ ባሕር የሚወርድ ሰፊ ግቢ ነበር። አዳራሹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አትክልቱ፣ የዘበኞቹ ሰፈር ሁሉ እዚያው ነው። ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀመረው፤ ከኋላው የመጡት ደግሞ የየራሳቸውን ቀጠሉበት። ወጥ ንድፍ ብትፈልጉለት አታገኙም።

«የዙፋን አዳራሹ አንድ ብቻ ነው»

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዳግማዊ ዩስጢኖስ ያሠራው ክሪሶትሪክሊኖስ የሚባለው የዙፋን አዳራሽ ባለ ስምንት ማዕዘን ነበር። ዙፋኑ በምሥራቅ በኩል፣ የክርስቶስ ሥዕል ከበላዩ። ለንጉሡ እጅ የሚነሳ ሰው ለማን እንደሚሰግድ አስቡት! የውጭ መልእክተኛ ሲመጣ ግን ማግናውራ የሚባለው አዳራሽ ይዘጋጃል።

«ከፍ የሚለው ዙፋን ተረት ነው»

ይሄኛውን ያየ ሰው ጽፎታል። ሉትፕራንድ የሚባል መልእክተኛ በ949 ከጣሊያን ተልኮ ማግናውራ ገባ። ከዙፋኑ ፊት በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ዛፍ ቆሟል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ወፎች ይዘምራሉ። በወርቅ የተለበጡ አንበሶች ጭራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ያገሳሉ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ሰግዶ ቀና ቢል፣ መሬት አካባቢ ተቀምጦ የነበረው ንጉሥ ጣሪያው ጋ ደርሷል። ልብሱንም ቀይሯል! አስማት አልነበረም፤ በአየር ግፊት የሚዘምሩ ወፎች ከጥንት እስክንድርያ ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ሉትፕራንድ ራሱ ዙፋኑን ያነሳው እንደ ወይን መጭመቂያ ያለ መሣሪያ ይሆናል ብሎ ገምቷል። ደግሞም አልደነገጠም፤ አስቀድሞ ሰው ጠይቆ ነበር። እኔን የሚያስቀኝ ሌላው ነው፦ ንጉሡ ያን ያህል ርቆ ስለ ተሰቀለ ማነጋገር አልቻለም። የሉትፕራንድን ጌታ ደኅንነት በንጉሡ ፈንታ የጠየቀው አንድ ባለሥልጣን ነው።

«ያጌጠው በቅዱሳን ሥዕል ብቻ ነው»

በቁፋሮ የተገኘው የወለል ሞዛይክ (በትንንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) ላይ ቅዱሳን የሉም። ፍየል የሚያልብ ሰው፣ ጌታውን ከነጭነቱ የጣለ በቅሎ፣ አደን ነው ያለው።

«ኦቶማኖች አፈረሱት»

ጥፋቱ የሚጀምረው ከእነሱ በፊት ነው። ነገሥታቱ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መኖሪያቸውን እዚያው ከተማ ወዳለው ብላኬርኔ ቤተ መንግሥት አዛውረው ነበር። በ1204 ከምዕራብ አውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ዘረፉ፤ የራሳቸውን ንጉሥም አነገሡባት። የእነሱ የመጨረሻ ንጉሥ ዳግማዊ ባልድዊን ገንዘብ ሲያጥረው ከታላቁ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የእርሳስ ብረት ክዳኑን አስነቅሎ ሸጠ። ጣሪያው ከተነሳ ዝናብ የቀረውን ይጨርሰዋል። የኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን መሐመድ ድል አድራጊው በ1453 ከተማዋን ይዞ ሲገባ የጠበቀው ፍርስራሽ ነበር።