ሳተላይት ያላየው የቀይ ባሕር ክረምት

ቀይ ባሕርን ከላይ የሚቃኝ ሳተላይት የሚያነበው ቀለም ነው። ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ በውሃው የሚንሳፈፈው ጥቃቅን ፍጡር፣ ፕላንክተኑ፣ ጥቂት ነው። ወደ አረንጓዴ ካደላ ክሎሮፊል (የዕፅዋት አረንጓዴ ቀለም) አለ፤ የባሕሩ የምግብ ሰንሰለት መነሻም እሱን የያዘው ጥቃቅን ፍጡር ነው። ይህ ንባብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኒምበስ 7 ሳተላይት ነው።

መረጃው ከሚፈለግባቸው ሥራዎች አንዱ የባሕር ሥነ ምህዳር ሞዴል ነው። ሞዴሉ ባሕሩን በኮምፒውተር ውስጥ በሣጥን በሣጥን ይከፋፍላል። በየሣጥኑ ፕላንክተን የሚመገበው ንጥረ ነገር፣ ናይትሬቱ፣ ስንት እንደሆነ፣ ፕላንክተኑ ምን ያህል እንዳደገና እንደተበላ ያሰላል። ብቻውን ከተተወ ስህተት እያጠራቀመ ከእውነታው ይርቃል። ስለዚህ አዲስ ልኬት በመጣ ቁጥር ወደ ልኬቱ ሳብ ይደረጋል። ምን ያህል እንደሚሳብ የሚወስነው ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚታመን ነው። የአየር ትንበያም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ታዲያ ሳተላይት ካለ ባሕር ላይ መውረድ ለምን አስፈለገ? ቀይ ባሕርን እንይ። ትልቅ ወንዝ አይገባበትም። በትነት ብቻ በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውሃ ያጣል። ንጥረ ነገር በብዛት የሚመጣለት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በእኛ ክረምት ነፋሱ ሲዞር፣ ቀዝቃዛና በናይትሬት የበለጸገ ውሃ ከላይኛው ውሃ ሥር ሾልኮ ይገባል። ሳተላይት ደግሞ የሚያየው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በዚያው ወቅት ደቡቡን አቧራና ጭጋግ ይሸፍነዋል። በቀደሙት ካርታዎች ላይ ቦታው ባዶ ነበር፤ ማለትም የጎደለው ዋናው ወቅት ነው! ክፍተቱ የጠበበው የብዙ ሳተላይቶችን መረጃ በማዋሃድ ነው።

የታየውም ቢሆን ያታልላል። በደቡቡ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ደለሉና የባሕሩ ወለል የሚመልሱት ብርሃን እንደ ክሎሮፊል ሊቆጠር ይችላል። ፕላንክተን ደግሞ ብርሃን ሲያንሰው ቁጥሩ ሳይጨምር ክሎሮፊሉን ያበዛል። ሞዴሉ ይህን ካላወቀ የሌለ ምግብ ይጨምራል። ከላይ ቀለሙ ልክ ሆኖ፣ ከሥር ናይትሬቱ የተበላሸ ሞዴል ከዚህ ይወለዳል። ለእኔ ከግልጽ ስህተት ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ይህን የሚያጋልጠው በቦታው የተደረገ ልኬት ነው። መርከብ ናሙና ይቀዳል፤ አርጎ የተባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየውቅያኖሱ በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት እየለኩ ይወጣሉ።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን ካቀዘቀዘ በኋላ፣ በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ኤይላት ከተማ አጠገብ ያለው ባሕረ ሰላጤ በብርድ ብዛት ከ850 ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ተደባለቀ። ከታች የወጣው ንጥረ ነገር አልጌ አፈላ፤ አልጌው ኮራሉን አፍኖ ገደለ። የኒምበስ 7 ቀለም አንባቢ በ1986 ቆሟል፤ ተተኪው ሲዊፍስ የመጣው በ1997 ነው። ያን አልጌ ያዩት እዚያው ውሃ ውስጥ ጠልቀው የነበሩ ሰዎች ናቸው።